ድንጋይ ቁጥር አሥራ አራት

እኔ በእግር መሄድ አልወድም። ይህን ቀድሜ መናገር ያለብኝ፣ በባሮ ዳር ያለውን የእግር ጉዞ መንገድ ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎሬ ነው፤ ዳገት ወጥቼ ቁልቁለት ወርጄ ጠግቤያለሁ። ጋምቤላ ተመድቤ የመጣሁ ቀን ሜዳውን ሳይ በልቤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቴ ቢሮ፣ ከቢሮ ገበያ የምመላለሰው መጀመሪያ በቢሮ መኪና፣ በኋላ በባጃጅ ነው። አስተማሪ የሆነው ባለቤቴ፣ መኪና ባይፈጠር ኖሮ ገና ከጎሬ እየመጣሽ ነበር ይለኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት የቱሪዝም ሠራተኞች ለልምድ ልውውጥ ወደ ስፔን ገጠር ሲላኩ ከእኛ ቢሮ ዕጣው ለእኔ ወጣ። የልምድ ልውውጥ ሲባል እኔ የማውቀው አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና የሻይ ሰዓት ነው፤ በሦስቱም አልታማም። ስፔኖቹ ግን በመጀመሪያው ጠዋት ካርታ፣ የውሃ ኮዳና ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ዱላ ሰጡን። በእኛ አገር አንድ ዱላ የያዘ ሰው ወይ ሸምግሏል ወይ ሊጣላ ነው። ሁለት የያዘ ግን አይቼ አላውቅም።

አንድ ወንዝ አገሩን ለሁለት ቆርጦ እታች ይሄዳል፤ እኛ ከላይ በገደሉ ጫፍ ጫፍ እንሄዳለን። ከራሳችን በላይ ጥንብ አንሣ ይዞራል። ከአሥራ ሁለት ሰው መካከል ዓይኑን የጣለው እኔ ላይ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። በገደሉ ወዲህ በኩል ያለው ሁሉ ወይን ነው። ወይን ማለት ሐረግ ነው፣ ዳስ ላይ የሚንጠለጠል ነው ብዬ ስለማስብ፣ መሬት ላይ እንደ ቃሪያ በመስመር ተደርድሮ ሳየው አዘንኩለት። መሪያችን ወጣት ሴት ነበረች። የት ነው የምንሄደው ብዬ ጠየቅኋት። ዞረን የተነሣንበት ቦታ እንመለሳለን አለችኝ። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን እዚያው አንቀመጥም ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልገባትም። ሰው ገበያ ሳይኖረው፣ ለቅሶ ሳይኖረው፣ ታቦት ሳይነግሥ ግማሽ ቀን በእግሩ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። በየድንጋዩ፣ በየግንዱ፣ በየግድግዳው ላይ ነጭና ቢጫ መስመር ተቀብቷል። እሱን ብቻ የተከተለ ሰው መንገድ አይስትም። ከቀትር በኋላ አንድ የወይን ገበሬ ቤት ደረስን። ሽማግሌው ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል፤ ልክ ከራሱ በላይ ነጭና ቢጫው መስመር አለ። ከራሱ ወይን ቀዳልን። እኔም ባለሥልጣን ነኝና በመሪያችን አስተርጓሚነት፣ ይህን ቀለም ግድግዳህ ላይ ማን ቀባው አልኩት። አላውቅም፣ መንገድ ነው አለ። ፈቃድ ጠይቀውሃል ወይ አልኩት። ትከሻውን ሰበቀና ብርጭቆዬን ሞላልኝ። እኔም ደብተሬ ላይ «ነዋሪው ተባባሪ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ያ ሰው ለምን እንዳልፈራ ብጠይቀው ኖሮ የኋላው ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

ጋምቤላ ስመለስ ሪፖርቴን አቀረብኩ። አለቃዬ ሪፖርት ጨርሶ የሚያነብ ሰው አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ፎቶዎቹን አይቶ ተነሣ። ከገና በኋላ አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ በእግር መሄድ የሚወዱ ስድስት የውጭ ዜጎች ይዞ ሊመጣ ጠይቆ ነበርና፣ እኛም እንዲህ ያለ መንገድ ይኑረን አለ። ወንዝ አለን፣ ገደልም አናጣም፣ ወይኑን ግን ከየት እናመጣለን ብሎ ጠየቀኝ። ወይን ባይኖር የማሽላ ጠላ አለ አልኩት፤ እሱንም በማስታወሻው ጻፈ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ የሚባለው ለእኛ ቢሮ ነው።

የመረጥነው ቦታ ከከተማው ግማሽ ሰዓት በመኪና፣ ባሮ ከደጋው ወርዶ በድንጋዮች መካከል የሚያልፍበት ነው። የአኝዋ መንደር ነው፤ በወንዙ ዳር በቆሎና ማሽላ፣ ከኋላው ማንጎ። ገደሉ በስፔን ዓይን ደረጃ ቢባል ነው፤ እኛ ግን ያለን እሱ ነው። መንገዱም ድሮም የነበረ ነው። ሴቶች ውሃ ይወርዱበታል፣ ወንዶች ዓሣ ይዘው ይመለሱበታል። እኛ የምንጨምረው ቀለም ብቻ ነበር። የመንደሩን ሊቀመንበር አነጋገርነው፤ ለሕዝቡ አሳውቃለሁ አለና በማግሥቱ ለእኅቱ ልጅ ሠርግ ኢታንግ ሄደ። ሠርጉ ሳምንታት ፈጀ።

ቀለሙን ከዕቃ ግምጃ ቤት ስጠይቅ ነጭና ቢጫ ብዬ ነበር የጻፍኩት። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ መደርደሪያውን ዞር ብሎ አየና፣ ያለው ቀይ ነው፣ ቀለም ቀለም ነው አለኝ። ሞዴል 22 ፈርሜ ሁለት ቆርቆሮ ቀይ ወሰድኩ። በዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ጨመርኩበት። በእኛ ቢሮ ቁጥር የሌለው ነገር የለም ማለት ነው፤ ወንበሩ ቁጥር አለው፣ ጠረጴዛው ቁጥር አለው፣ የተሰበረው ማራገቢያ ሳይቀር ቁጥር አለው። ስለዚህ በየምልክቱ ሥር ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር እንዲጻፍ ወሰንኩ። ስፔኖች ያላሰቡትን አሰብኩ ብዬ ኮርቻለሁ።

ሾፌራችን ኑዌር ነው፤ ቤተሰቡ ድንበር አጠገብ ማታር ከተማ ስለሆነ ሐሳቡ ሁልጊዜ እዚያ ነው፣ ብዙም አይናገርም። ድንጋዮቹን እየተሸከመ በየመንገዱ ዳር የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ እኔ ከኋላው እየሄድኩ ሁለት ሁለት ቀይ መስመርና ቁጥር እቀባለሁ። በአምስተኛው ድንጋይ ላይ ቆም ብሎ፣ ይህ ቀለም ጥሩ አይደለም አለኝ። አዲስ ነው፣ እዚህ ነው የከፈትኩት አልኩት። ቀጣዩን ድንጋይ ተሸከመ። ቁጥር አሥራ አራት ላይ ስንደርስ መሸከም አላስፈለገውም፤ ከገደሉ አፍ ላይ ዝሆን የሚያህል ድንጋይ አለ፣ በአንድ ሽማግሌ የማሽላ ማሳ ዳር። ከእሱ ላይ ሆኖ ነው ወንዙ ከላይ እስከ ታች የሚታየው፤ ያለ እሱ መንገዱ መንገድ አይሆንም። ሽማግሌው አልነበሩም። ከሁሉም የሚያምረውን መስመር እዚያ ላይ ቀባሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እንግዶቹ ሊመጡ አምስት ቀን ሲቀራቸው፣ መንገዱን ልፈትሽ ከሾፌሩ ጋር ተመለስኩ። እኔ ራሴ እንደ እንግዳ ሆኜ ምልክቱን ብቻ ተከትዬ ልሄድ ወሰንኩ። ቁጥር አንድ የነበረበት ቦታ ላይ የለም። ፍየል ገፍቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ቁጥር ሁለት አለ፣ ቁጥር ሦስት ግን ከቁጥር ሁለት በስተኋላ ተገኘ። ቁጥር አራት ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ረግረጉ መራኝ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ። ቁጥር ሰባትን ሳገኝ ደስ ብሎኝ ተከተልኩ፤ ቁጥር ስድስት ላይ አደረሰኝ። አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ሦስት ጊዜ ደረስኩ። ሦስተኛው ላይ ከሥሩ የተቀመጡት ሴቶች ቀድመው ሰላም አሉኝ፤ ተላምደን ነበር። ሾፌሩ መኪናው አጠገብ ቆሞ ያየኛል፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በመጨረሻ የመራኝ ምልክት ከመንደሩ ዳር ካለችው የጠላ ሻጭ ግቢ አስገባኝ። ባሏ የሞተባት፣ ጠላዋ በመንደሩ ስመ ጥር የሆነ ሴት ናት። ግቢዋ ስገባ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ አሥር ድንጋዮቼ በክብ ተደርድረው ሰው ተቀምጦባቸዋል። አንድ ሰው ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ተቀምጦ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ቅሉን አስደግፏል። ምንድን ነው ይህ ብዬ ስጠይቃት ያለ ምንም ሐፍረት ነገረችኝ። አንድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ማሳው ዳር ቀይ ድንጋይ ያያል፤ ተሸክሞ ጎረቤቱ ማሳ ዳር ያስቀምጠዋል። ጎረቤቱ ደግሞ ወደ ቀጣዩ። እንዲህ ሲዞር ሰው ሁሉ ሊጣላ ደረሰ። ከዚያ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተገኘው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ እሷ ግቢ እንዲመጣ ወሰኑ።

«ወደ አንቺ ለምን?» አልኳት።

«እኔ መሬት የለኝም» አለችኝ። «እንስራ ብቻ ነው ያለኝ። መንግሥት እንስራ አይወስድም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ቀይ ቀለምና ቁጥር። በእነሱ ዓይን እኔ መንገድ አላወጣሁም፤ መሬት ለባለሀብት ሸንሽኛለሁ። የሾፌሩ ነገርም ትዝ አለኝና ዞሬ አየሁት፤ ወደ ሰማይ ያይ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ልጡን ቀይ ቀብቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ በየደጃፋቸው አስቀምጬላቸዋለሁ። ጠላውን ቀዳችልኝ፤ እግሬ እስኪደርቅ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ተቀምጬ ጠጣሁ። ለምቾቱ ስፔንን ያስንቃል።

ቁጥር አሥራ አራት ግን የት ሄደ ብዬ ጠየቅኋት፤ ያን የሚያህል ድንጋይ የሚሸከም የለም። ድንጋዩ አለ፣ ሽማግሌውም ላዩ ላይ አሉ አለችኝ። ሄድኩ። እውነትም አሉ። ድንጋዩን መንቀል ስላልቻሉ ራሳቸው ተቀምጠውበታል። ልክ በቀዩ መስመር ላይ ሰሌን አንጥፈው፣ ቁጥሩን በእግራቸው ሸፍነው። አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ጠዋት ይመጣሉ፣ ምሳቸውን ባለቤታቸው ታመጣላቸዋለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላ ሰው ያስቀምጣሉ። መረባቸውን እዚያው ሆነው ይጠግናሉ። ገደሉ ከእግራቸው ሥር ነው፤ ባሮ እታች ያበራል። ከስፔኑ የማይተናነስ ዕይታ ነበር፣ ግን ማንም እንዳያየው ሰው ተቀምጦበታል።

አጠገባቸው ቆሜ ሁሉንም አስረዳሁ። ስለ እንግዶቹ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ስፔን፤ ሰዎች ዝም ብለው ሊያዩ እንደሚመጡና አይተው እንደሚመለሱ። ሽማግሌው መረባቸውን እየጠገኑ ሰሙኝ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን ፈልገው፣ አግኝተው፣ ነው የሚያስቀምጡት። ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ማሳ እንደነበራቸው ነገሩኝ። ሰዎች መጥተው ችካል ተከሉ፤ ምንድን ነው ሲሏቸው ልኬት ብቻ ነው፣ አይዞህ አሏቸው። እሳቸውም አይዞህ የተባለ ሰው ስለሆኑ ዝም አሉ። በቀጣዩ ዓመት ማሳው አጥር ውስጥ ነበር። ይህ የቀረኝ ነው አሉኝና የማሽላውን ማሳ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከዚህ በኋላ የምሄድበት የለኝም አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ ምሬትም አላሰሙኝም። ለዚህ ነው ያስጨነቁኝ።

«አባቴ፣ ይህ እንደዚያ አይደለም» አልኳቸው። «ይህ ጥሩ ነገር ነው።»

«ጥሩ ነው?»

«በጣም።»

«አንቺ ቤት አለ?»

«ምኑ?»

«ይሄ ቀለም። ቁጥር ያለው። አንቺ ቤት አለ?»

የለም አልኩ። ሽማግሌው መርፌውን መረቡ ላይ ሰክተው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

«ጥሩ ነገር ከሆነ፣ ለምን አንቺ ቤት የለም?»

ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት ቢሮ ሠርቼ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ አላጣም፤ ሌላው ቢቀር ይታያል እላለሁ። ያን ቀን ይታያል እንኳ አልወጣኝም። ሽማግሌው ሐሳባቸውን ጨረሱ፦ ይህን ቀለም ከነቁጥሩ በቤቴ በር ላይ፣ እሳቸው እያዩ ከቀባሁ፣ እንግዶቹ የመጡ ቀን ከድንጋዩ ይነሣሉ። ካልቀባሁ እንግዶቹ ሲመጡም እዚያው ያገኟቸዋል። እሺ ብዬ መጣሁ። ምን ችግር አለው፣ ቀለም ቀለም ነው።

ችግሩ መኪና ውስጥ ጀመረኝ። አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በሰፈራችን መንገድ ይሰፋል ተብሎ ሰዎች ሜትር ይዘው መጥተው በየአጥሩ ላይ ቀይ ኤክስ አድርገው ሄዱ። የእኛም በር ላይ አደረጉ። ያን ቤት እኔና ባለቤቴ አሥራ አንድ ዓመት፣ ዛሬ ቆርቆሮ ነገ ምስማር እያልን ነው የሠራነው። ሰዎቹ ከመንገዱ ጫፍ ሳይታጠፉ እኔ ጨርቅ በጋዝ ነክሬ ኤክሱን ፈትጌ አጠፋሁት። ተመልሰው መጥተው ምልክቱ የት ሄደ ሲሉኝ ዝናብ አጥቦት ይሆናል አልኩ። ወሩ የካቲት ነበር። ሰዎቹም ሰማዩን አይተው፣ እኔን አይተው ሄዱ። መንገዱም እስከ ዛሬ አልሰፋም።

ይህን የማውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። የመንደሩ ሰው ድንጋይ ሲያሸሽ እንዴት ያሉ ተጠራጣሪዎች ናቸው ብዬ በልቤ ያማሁ ሴት፣ ኤክሱን ያጠፋሁበት ጋዝ ገና ጓዳዬ ውስጥ ነው። አፈርኩ። ከሐፍረቱ ጋር ግን ፍርሃቱም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ይበልጣል። ምንም እንደማይሆን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ቀለሙን የፈረምኩበት እኔ ነኝ፣ ቢሆንም በራሴ በር ላይ ሲቀባ እያሰብኩ ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጋዙ ቦታው መኖሩን ነው። ለባለቤቴ ስነግረው መነጽሩን አወለቀ። ለሰው አገር መንገድ ልታወጪ ሄደሽ ከቤታችን ልታስወጪን ነው ወይ አለኝ። ከዚያም ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብሎ ተረተና ወደ ደብተር እርማቱ ተመለሰ።

ሽማግሌው በማግሥቱ ጠዋት መጡ። ብቻቸውን አይደሉም። ጠላ ሻጭዋን፣ ከሠርግ የተመለሰውን ሊቀመንበርና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘው በሁለት ባጃጅ ነው የመጡት። ድንጋዩ ላይ ባለቤታቸውን አስቀምጠው። ወንበር አወጣሁላቸው፤ ቆመን እናያለን አሉ። ስንት ቁጥር ልጻፍ ብዬ ጠየቅሁ፣ ሃያ አንድ ብል ከመጨረሻ እሆናለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ሽማግሌው ግን አስበውበት ነው የመጡት።

«አንድ ጠፍቷል» አሉ። «አንድ አንቺ ነሽ።»

ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። ያንን ሁሉ ድንጋይ ቀጥ አድርጌ ቀብቼ የራሴ በር ላይ ስደርስ አጣመምኩት፤ ሁለቱ መስመሮች ባሮን መሰሉ። ቁጥሩንም ጻፍኩ። ሽማግሌው ቀረብ ብለው በጣታቸው ነክተው ቀለሙ እውነተኛ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ዞር ስንል ሰፈሩ ተነሥቷል።

ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ ቀይ ቀለም፣ ብሩሽ የያዘች የመንግሥት ሠራተኛና አምስት የቆሙ ምስክሮች አየች። ማንንም አልጠየቀችም። ገብታ መዶሻ ይዛ ወጣችና የአጥሯን ቆርቆሮ መንቀል ጀመረች፣ ሳይፈርስ ለማትረፍ። ባሏ መስኮቱን ከነፍሬሙ ያወጣል። ቀጥሎ ያለው ግቢ ዶሮዎቹን በቅርጫት ያስገባል። አንዱ ስንት ሜትር ነው የሚገባው ብሎ ከሩቅ ጠየቀኝ። አይደለም፣ መንገድ ነው ብዬ መለስኩለት፤ ይህን ማለት አልነበረብኝም። መንገድ ነው አለች ሲባል ከወዲያኛው ማዶም መዶሻ ይሰማ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቀበሌው ሰው በማን ትእዛዝ ነው ብሎ መጣ። ለአለቃዬ ደወልኩ፤ አለቃዬ ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎ ዘጋው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ለጎረቤት ሁሉ ስለ ስፔን ያስረዳል። እኔ ያልኩትን ሁሉ ከዚያ በፊት አንድም ቀን የሰማኝ አይመስለኝም ነበር፤ ጥንብ አንሣውን ሳይቀር ነገራቸው።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። መዶሻውን፣ መስኮቱን፣ ዶሮዎቹን። ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታና ሳቁ። ጠላ ሻጭዋን በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏት፤ እሷም ዓይኗን እየጠረገች፣ ደገኞቹም እንደኛ ድንጋይ ቢኖራቸው ይሸከሙ ነበር ነው የሚለው ብላ ተረጎመችልኝ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ አንድ ነሽ» አሉኝ። «እኔ አሥራ አራት ነኝ። ሊወስዱ ሲመጡ ከአንቺ ይጀምራሉ። አንቺ ትደውይልኛለሽ።»

ስልክ ቁጥሬን ወሰዱ፣ የእሳቸውንም በእኔ ስልክ ላይ ራሴ እንድመዘግብ አስደረጉ። ባጃጃቸው ሲሄድ ጎረቤቴ የነቀለችውን ቆርቆሮ መልሳ ትመታ ነበር። ለአንድ ወር አላነጋገረችኝም።

እንግዶቹ መጡ። ሪፖርት ላይ ቁጥር አንድ ከጎደለ ያስጠይቃል ብሎ አለቃዬ ጉዞው ከእኔ በር እንዲጀመር አዘዘ፤ ስለዚህ ስድስት ፈረንጆች በሩን ፎቶ አንሥተው፣ መኪና ውስጥ ገብተው ግማሽ ሰዓት ተጉዘው ቁጥር ሁለት ላይ ወረዱ። ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው አልመለስናቸውም። የመንደሩ ሰው የወሰነው ይሻላል ብለን መንገዱ ሁሉ ጠላ ሻጭዋ ግቢ እንዲያልቅ ተስማማን። በመካከል አንድ ክርክር ብቻ ነበር። እንግዶቹ በሁለት በሁለት ዱላቸው መሬቱን እየወጉ ሲመጡ ሽማግሌው አይተው እጃቸውን አነሡ፤ እሱ መለኪያ ነው አሉ። ዱላዎቹ ሁሉ ቁጥር አሥራ ሦስት ላይ ተሰብስበው ለሾፌሩ ተሰጡ፣ ታቅፎ ቆመ። ከዚያ ሽማግሌው ሰሌናቸውን ጠቅልለው ከድንጋዩ ወረዱ። እንግዶቹ ተራ በተራ ወጥተው ባሮን አዩ። አንዲት ሴት እንባዋ መጣ። ሽማግሌው ምን ሆነች ብለው ጠየቁኝ፤ ውበቱ ነው ያስለቀሳት አልኳቸው። ወደ ወንዙ ዞረው አዩና ለእኔም ያምራል አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች በየጊዜው ይመጣሉ፣ ብዙ አይደሉም። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ አይቀመጡም። ግን በየቅዳሜው ጠዋት ይደውሉልኛል። ሰላምታው አጭር ነው፤ ቁጥር አንድ፣ አለሽ ይላሉ። አለሁ እላለሁ። በሩ አለ ይላሉ፤ አለ እላለሁ። ይዘጋሉ። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ቆይቶ ግን ቅዳሜ ከእንቅልፌ ስነቃ ስልኬን ፈልጌ ትራሴ አጠገብ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ፣ ይህ እውነተኛው ዝናብ ነው፣ በሩን አጥቦ ቀዩን ቀለም አገረጣው። ቁጥሩ የሚነበበው ለሚያውቀው ሰው ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ደስ አለው፣ እግዜር ራሱ ፈታልን አለ። ጎረቤቴም ከፊት ለፊት ሆና፣ እንኳን ለቀቀ፣ በቃ ተይው አለችኝ። ዓርብ ከሰዓት ከቢሮ ስመለስ የተረፈውን የቀለም ቆርቆሮ ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ረግቶ ነበርና ያንኑ ጋዝ ጠብ አድርጌ አማሰልኩት። ሁለቱን መስመርና ቁጥሩን እንደገና ቀባሁ። ጎረቤቴ ቆማ አየችኝ፤ መዶሻ አላመጣችም።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጠራ።

«ቁጥር አንድ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኳቸው።

«እሺ። እኔም አለሁ» አሉና ዘጉት።